የአሳማ ፅንስ ዲሴክሽን፦ ሁሉም ነገር አንድ መልክ ሲሆን በምን እንለየው?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአጥቢ እንስሳትን አናቶሚ (የአካል አወቃቀር) ለመማር የአሳማ ፅንስ ዲሴክሽን፣ ማለትም ከፍቶና ቆርጦ ማጥናት፣ ጀምረናል። ሆዱን ስንከፍት ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነብኝ። መጽሐፉ ላይ ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ነበር። እትብቱ አካባቢ ደግሞ አንድ ቱቦ ቆርጠን ምን እንደነበረ ሳናውቅ ቀረ። ፈተናው ፒን ተሰክቶ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። እንዴት ላጥና? ለሰው አናቶሚስ በእርግጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ትክክል ነው። ፎርማሊን ሥጋው እንዳይበሰብስ ያደርጋል፤ የአካላቱን የተፈጥሮ ቀለም ግን ያጠፋል። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ቀለሞች ደግሞ ሠዓሊው ነው የመረጣቸው። በሕይወት ያለ እንስሳ ውስጥም ቢሆን ደም መልስ (ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሥር) ሰማያዊ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ቀለምን መለያ ማድረግ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

በምትኩ ሦስት ነገሮችን ያዢ። አካሉ የት ነው ያለው? ከምን ጋር ተያይዟል? ከእሱ የሚወጣው ወይም ወደ እሱ የሚገባው ቱቦ ወዴት ይሄዳል? ሦስቱን ከመለስሽ ስሙ ራሱ ይመጣል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በተገላቢጦሹ ስለሚሄዱ ነው። መጀመሪያ የስም ዝርዝር ይይዛሉ፣ ከዚያ የሚመስል ነገር ይፈልጋሉ። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ተከተዪ፣ ስሙን በመጨረሻ ጥሪ።

ከመቁረጥሽ በፊት በእጅሽ ያለው ምን እንደሆነ እወቂ። የአሳማ እርግዝና 114 ቀን ገደማ ነው። ለትምህርት የሚቀርቡት ፅንሶች በአብዛኛው ለሥጋ ከታረዱ እርጉዝ አሳማዎች ማህፀን የተገኙ ናቸው። ከአናቱ እስከ ጭራው ሥር በማስመሪያ ለኪው። 22 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ዕድሜው ወደ 100 ቀን ነው። 30 ከደረሰ ሊወለድ የተቃረበ ነበር ማለት ነው። ይህን ልኬት ብዙዎች ይዘሉታል። ግን የምታገኚውን ይወስናል። ለምሳሌ ወንድ ከሆነ የዘር ፍሬዎቹ መጀመሪያ ኩላሊት አጠገብ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳሉ። የት እንደምትፈልጊያቸው የሚነግርሽ ዕድሜው ነው።

ስለ ጥንቃቄ አጭር ነገር ልበል። ፅንሱን በደንብ በውኃ አለቅልቂው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አትርሺ፣ መስኮት ይከፈት። ፎርማሊን ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ኬሚካል ነው። ራስሽን ካዞረሽ ወይም ዓይንሽ ከተቃጠለ ውጪና ንጹሕ አየር ውሰጂ፤ ይህ ድክመት አይደለም። በእምነት ወይም በኅሊና ምክንያት መቁረጥ የማይፈልግ ጓደኛ ካለሽ ደግሞ ሞዴል ወይም የኮምፒውተር ማሳያ እንዲሰጠው አስቀድሞ መምህሩን ያነጋግር።

ሌላው ነጥብ የሚያስጥል ነገር ግራና ቀኝ ነው። ፅንሱ በጀርባው ተኝቶ ፊቱ ወደ አንቺ ሲሆን የእሱ ግራ በአንቺ ቀኝ በኩል ነው። በአናቶሚ ሁልጊዜ የሚቆጠረው የእንስሳው ግራና ቀኝ ነው። ጣፊያው በግራ ነው ሲባል በእሱ ግራ ማለት ነው። ትሪው ላይ «ግራ» እና «ቀኝ» ብለሽ ለጥፊበት።

አሁን ወደ እትብቱ እንምጣ፤ ትምህርቱ በሙሉ ከዚህ ይጀምራል። ጫፉን በአዲስ መልክ በቀጭኑ ቁረጪና ቀዳዳዎቹን ተመልከቺ። ሁለት ትናንሽ፣ ክብ፣ ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑ ታገኛለሽ። እነዚህ ደም ቅዳዎች፣ ማለትም አርተሪዎች ናቸው። አንድ ሰፋ ያለ፣ ግድግዳው ስስ የሆነና በቀላሉ የሚጨፈለቅ አለ። እሱ ደም መልስ፣ ማለትም ቬይን ነው። አራተኛው ደቃቅ ቱቦ ከሽንት ፊኛ የሚመጣ ነው። ተመልከቺ፣ ያለ አንዳች ቀለም ደም ቅዳን ከደም መልስ ለየሽ። ይህ የግድግዳ ልዩነት በመላው አካል ይሠራል። ደም ቅዳ ከልብ በግፊት የሚወጣ ደም ስለሚሸከም ግድግዳው ወፍራም ነው። በጣት ስትነኪው ጠንከር ይላል፣ ቅርጹንም ይይዛል። ደም መልስ ይተኛል።

እዚያው እያለሽ ጾታውን ለዪ። ወንድ ከሆነ የሽንትና የዘር መውጫው ከእትብቱ ቀጥሎ ወደ ኋላ በኩል ነው። ሴት ከሆነች ከፊንጢጣው በታች ትንሽ ሹል ሥጋ አለች፣ መውጫው እዚያ ነው። ጡት ጫፎቹን አይተሽ ሴት ናት እንዳትዪ፤ ሁለቱም ጾታዎች አሏቸው።

ስለ አቆራረጥ አጥብቄ የምለው አለ። ስካልፔሉን (የቀዶ ጥገና ምላጩን) አስቀምጪው። ቆዳውን ለመጀመር ካልሆነ ብዙም አያስፈልግሽም። ዋናው መሣሪያሽ መቀስ፣ ወረንጦና ጫፉ ደነዝ የሆነ ፕሮብ (መመርመሪያ ዘንግ) ነው። የመቀሱ ደነዝ ጫፍ ከውስጥ ይሁን፤ እየቆረጥሽም ወደ ላይ አንሺው። ያኔ ከሥር ያለው አካል አይነካም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መቁረጥ አቁሚ፣ መለያየት ጀምሪ። በአካላት መካከል ያለው ስስ ሽፋን በፕሮብ ሲገፋ በራሱ ይላቀቃል። ደም ሥርና ነርቭ ግን ይጠነክራሉ፤ ስትገፊያቸው ይታጠፋሉ እንጂ አይበጠሱም። ምላጭ ይህን ልዩነት አያውቅም፣ ሁሉንም ይቆርጣል።

እትብቱ አካባቢ የቆረጣችሁት ቱቦ ከጉበት ጋር የተያያዘ ከነበረ የእትብቱ ደም መልስ ነው። መጥፎ አልሠራችሁም። የሆዱን ፊት ወደ ኋላ ለመገልበጥ እሱ መቆረጥ አለበት። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመቁረጥ በፊት በሁለት ቦታ ክር ማሰር፣ ከዚያ በክሮቹ መካከል መቁረጥ። ያኔ ሁለቱ ጫፎች ኋላ ይገኛሉ። አሁንም ፈልጊው። ወደ ጉበቱ የሚገባው ጫፍ እዚያው አለ፣ ክር እሰሪበት። በጣም ያስፈልግሻል።

ሆዱ ውስጥ መጀመሪያ የሚታይሽ ጉበት ነው። በፅንስ ትልቅ ነው፣ ብዙውን ቦታ ይይዛል። ወደ ላይ አንሺውና ከሥሩ ሐሞት ከረጢቱን ፈልጊ፤ በቀኝ በኩል ጉበቱ ውስጥ ተወሽቃ ያለች ትንሽ ከረጢት ናት። ጨጓራው በግራ በኩል ነው። የጨጓራውን ውጫዊ ጥምዝ ይዞ የተኛው ረጅምና ጠፍጣፋ አካል ጣፊያ ነው። ቆሽት ብዙ ተማሪ የሚያጣው ነው። ጨጓራውን አንሺና ከሥሩ፣ በጨጓራውና በአንጀቱ መጀመሪያ መካከል ተመልከቺ። ነጣ ያለና የተጎረበጠ ገጽ ያለው ሥጋ ታያለሽ። ጉበት ለስላሳ ነው፣ ጣፊያም ለስላሳ ነው። ቆሽት ግን በጣት ሲዳሰስ ፍሬ ፍሬ ይላል። መዳሰስን አትናቂ፤ ፎርማሊን ቀለምን ቢወስድም ይህን ልዩነት አያጠፋውም።

ከዚያ አንጀቱን ከጨጓራው መውጫ ጀምረሽ በጣትሽ ተከተዪ። ቀጭኑ አንጀት በስስ ሽፋን፣ በሜዘንተሪ፣ ተያይዞ ተጣጥፏል። ሽፋኑን ወደ ብርሃን አንሺው፣ ውስጡ የሚሄዱት ደም ሥሮች ይታያሉ። ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ጫፉ የተዘጋ ኪስ አለ፣ ሲከም ይባላል። ከዚያ በኋላ ትልቁ አንጀት እንደ ተጠቀለለ ገመድ ተጠምጥሞ ታገኚዋለሽ። ሰው ላይ ይህ ጥምጥም የለም። ሰው ያለውን ትርፍ አንጀት ደግሞ አሳማ ላይ አትፈልጊ፤ የለም። አንጀቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ካገኘሽ አትደንግጪ፤ ሐሞትና የፅንሱ ቆሻሻ ነው።

አንጀቱን ወደ ጎን ስትገፊ ኩላሊቶቹ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይታያሉ። ሆዱ ውስጥ ያሉ ይመስላል እንጂ ከሆዱ ሽፋን በስተጀርባ ናቸው። ለዚህ ነው ሽፋኑን መላጥ የሚኖርብሽ። ከእያንዳንዱ ኩላሊት የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ተከተዪ፤ ወደ ሽንት ፊኛ ያደርስሻል። ፊኛው ደግሞ ሁለቱ የእትብት ደም ቅዳዎች መካከል ነው ያለው። ሁለቱን ደም ቅዳዎች ካገኘሽ ፊኛውን ማጣት አይቻልም። ሴት ከሆነች ማህፀኑ ሁለት ቀንዶች አሉት፤ አሳማ በአንድ ጊዜ ብዙ ስለምትወልድ ግልገሎቹ በቀንዶቹ ውስጥ ይደረደራሉ። እያንዳንዱን ቀንድ ወደ ላይ ብትከተዪ ትንሹ የእንቁላል ዕጢ ላይ ትደርሻለሽ።

አንገቱ ላይ ሁለት ዕጢዎች ይምታታሉ። ታይመስ በፅንስ ትልቅ ነው። ነጣ ያለ፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ፣ ደረት ውስጥም ገብቶ ልብን በከፊል የሚሸፍን ነው። ታይሮይድ ግን ትንሽ፣ ጠንካራና ጠቆር ያለ ነው፤ የአየር ቧንቧው ላይ በቀጥታ ተቀምጧል። የአየር ቧንቧውን በቀለበቶቹ ታውቂዋለሽ፣ በጣት ሲነኩት ይጎረብጣል። ከእሱ በስተጀርባ ያለው ለስላሳና ጠፍጣፋ ቱቦ ምግብ የሚወርድበት ነው።

የአየር ቧንቧው አጠገብ ወደ ራስ የሚወጣ ደም ቅዳ አለ። አብሮት የሚሄደው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቬገስ ነርቭ ነው። በግራ በኩል ወደ ደረት ተከተዪው። አንድ ቅርንጫፉ የአኦርታን (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) ቅስት ዞሮ ተመልሶ ወደ ማንቁርት ይወጣል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ጋለን የተባለው ሐኪም ይህን ነርቭ በሕይወት ባለ አሳማ ላይ ቆርጦ አሳይቷል። አሳማው መጮኹን አቆመ፣ መታገሉን ግን አላቆመም። ድምፅ ከልብ ሳይሆን በነርቭ በኩል ከአንጎል እንደሚታዘዝ ያስረዳበት መንገድ ነው። ለእንስሳው ጭካኔ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለው ሥራ አይፈቀድም። አንቺ ግን ያንኑ ነርቭ ማንንም ሳትጎጂ ማየት ትችያለሽ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ለምን ፅንስ? ለምን የተወለደ ግልገል አይደለም? መጠኑ ለትሪ ስለሚመች ብቻ አይደለም። ፅንስ አይተነፍስም፣ አይበላም። ኦክስጅኑም ምግቡም በእትብት ይመጣል። ስለዚህ የደሙ መንገድ ከተወለደ እንስሳ የተለየ ነው፣ መንገዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንሽ ልታዪው ትችያለሽ። ስለ ደም ዝውውር በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ለእኔ ከዲሴክሽኑ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ክፍል ነው።

ክር ካሰርሽበት ከእትብቱ ደም መልስ ጀምሪ። ኦክስጅን ያለበት ደም በእሱ በኩል ወደ ጉበት ይገባል። ጉበቱን በፕሮብ ቀስ ብለሽ ብትፍቂ አንድ አቋራጭ መንገድ ታገኛለሽ፣ ዳክተስ ቬኖሰስ ይባላል። በእሱ ከፊሉ ደም በጉበቱ ሳይጣራ ወደ ትልቁ የታችኛው ደም መልስ ያልፋል። ከዚያ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሰንጥቆ ወደ ልብ ቀኝ የላይኛ ክፍል ይገባል።

ልብ ውስጥ ሁለተኛው አቋራጭ አለ። ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ፎራመን ኦቫሌ ይባላል። የቀኙን የላይኛ ክፍል ከፍተሽ ፕሮቡን ሳታስገድጂ ወደ ግራ ግፊ፤ ይሾልካል። ከእትብት የመጣው ደም በዚህ በኩል ወደ ግራ ያልፍና ወደ አኦርታ ይወጣል። አንጎልና ልብ ራሱ የተሻለውን ደም የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው አቋራጭ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ነው፤ ፈተና ላይ የሚወደድ ነው። ከቀኝ የታችኛ ክፍል የሚወጣውን ወፍራም ደም ቅዳ ተከተዪ። መጽሐፉ ወደ ሳንባ ይሄዳል ይላል። አንቺ ግን ትሪው ላይ በቀጥታ አኦርታ ውስጥ ሲገባ ታዪዋለሽ። ተሳስቼ ይሆን እንዴ እንዳትዪ። ያ የገባው ክፍል ነው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ። ወደ ሳንባ የሚሄዱት ቅርንጫፎች ከሱ ያንሳሉ። ሳንባው አየር ስለሌለው ጠባብና ተቋቋሚ ነው፤ ብዙው ደም በአቋራጩ ያልፋል። ከሳንባው ትንሽ ቆርጠሽ ውኃ ውስጥ ጣዪ፣ ይሰምጣል። የተነፈሰ እንስሳ ሳንባ ግን ይንሳፈፋል።

ከዚያ አኦርታን ወደ ታች እስከ ጫፉ ተከተዪ። ሁለቱ የእትብት ደም ቅዳዎች ከጫፉ አካባቢ ይወጣሉ። በፊኛው ግራና ቀኝ አልፈው ወደ እትብት ይመለሳሉ፣ ከዚያ ወደ እንግዴ ልጅ። መንገዱ ዞሮ ገጠመ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፅንሶች ደም ሥራቸው ውስጥ ባለ ቀለም ላቴክስ (ጎማ መሰል ነገር) ተሞልቶ ይመጣሉ፤ ቀይ ለደም ቅዳ፣ ሰማያዊ ለደም መልስ። ቀለሙ የቱቦውን ዓይነት ይነግርሻል እንጂ ስለ ኦክስጅን አይናገርም። ኦክስጅን የሞላበት ደም የሚሸከመው የእትብቱ ደም መልስ ነው። ኦክስጅኑ የቀነሰውን መልሰው የሚያወጡት ደግሞ የእትብቱ ደም ቅዳዎች ናቸው። ደም ቅዳ ማለት ከልብ የሚወጣ፣ ደም መልስ ማለት ወደ ልብ የሚመለስ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ለሰው ይጠቅማል ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ በጣም። ሦስቱም አቋራጮች በሰው ፅንስ ላይ አሉ። እትብቱም ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አለው። ከተወለደ በኋላ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ሳይዘጋ የቀረ ሕፃን በልብ ሐኪም የሚታየው ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ይገባሻል። ባለ አራት ክፍል ልቡ፣ ድያፍራሙ፣ የአካላቱ አቀማመጥ ሁሉ በጣም ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ ሜሪላንድ ዘረመሉ የተስተካከለ የአሳማ ልብ ለአንድ ሰው ተተክሎ፣ ሰውዬው ሁለት ወር ገደማ ኖሯል።

ልዩነቶቹን ግን ለይተሽ ያዢ። በአሳማ ከአኦርታ ቅስት ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ በሰው ሦስት። የአሳማ ቀኝ ሳንባ አራት ክፍል አለው፣ የሰው ሦስት። የሰው ማህፀን ረጃጅም ቀንዶች የሉትም። በሴት አሳማ የሽንቱ መንገድና የማህፀኑ መንገድ ውስጥ ተገናኝተው በአንድ በር ይወጣሉ፤ በሴት ልጅ ግን ለየብቻ ናቸው። የአንጀቱን ጥምጥም ከላይ ነግሬሻለሁ።

ለፈተናው እንዲህ አጥኚ። ከቡድንሽ አንዷ ፒን ትስካ። አንቺ ስሙን ሳትናገሪ መጀመሪያ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ተናገሪ። ስሙ ከዚያ በኋላ ይሁን። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ከመጽሐፍ ሳትገለብጪ ያየሽውን በእርሳስ ሳዪ። ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፤ መሳል ያቃተሽ ቦታ በደንብ ያላየሽው ቦታ ነው። ፅንሳችሁ ሴት ከሆነች ወንድ ከደረሰው ቡድን ጋር ተቀያየሩ፤ ፈተናው ሁለቱንም ይጠይቃል። የሌሎችንም ተመልከቺ። የደም ሥሮች አወጣጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል፣ ፈተና ላይ የሚቀርብልሽም የራስሽ ፅንስ ላይሆን ይችላል።

ሥራ ስትጨርሱ የገለበጣችሁትን የሆድና የደረት ግድግዳ ወደ ቦታው መልሳችሁ፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ እሰሩት። ከደረቀ በጣት የሚለይ ነገር አይኖርም። የተቆረጡትን ቁርጥራጮችም በላቦራቶሪው ለዚህ በተመደበው ዕቃ እንጂ በመደበኛ ቆሻሻ መጣያ አትጣሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አዲስ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ያንን የተቆረጠ ደም መልስ አግኝታችሁ ክር እሰሩበት፤ ከዚያ እስከ ልብ ድረስ ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ከጠፋባችሁ የት ላይ እንደጠፋ ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።